ብድሩ በልጁ ስም፣ መያዣው በአባቱ

(የህንድ ቤተሰቦች ትምህርትን በብድር እንዴት እንደሚከፍሉ አዲስ አበባ ውስጥ ለመምህራን፣ ለባንክ ሠራተኞችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ህንድ ነው። ስለ ፊልሙ ወይም ስለ ቅመሙ መስሎት የመጣ ካለ ይቅርታ፤ የምናወራው ስለ ባንኩ ነው፤ አሁን ብትወጡ አልቀየምም። እዚህ ከተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች መካከል ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ ያስተማራቸው ህንዳዊ የሆነ ጥቂት አይደሉም። በጃንሆይ ዘመን ከደቡብ ህንዱ ክልል ከኬረላ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ነበሩ። ወጣቶቹ ደግሞ ሃይደራባድ ወይም ቪሳካፓትናም ሄዶ ማስተርሱን አለዚያም ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰ ዘመድ ወይም አስተማሪ አታጡም። የህንዶችን የትምህርት ፍቅር እናውቀዋለን። ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡት ግን ብዙም ጠይቀን አናውቅም።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላስይዛችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ገንዘብ ስቆጥር ደግሞ እንደነሱ ነው የምቆጥረው፦ ላክ መቶ ሺህ ነው፣ ክሮር 10 ሚሊዮን። 4 ላክ ካልኩ 400 ሺህ ሩፒ ማለቴ ነው።

ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። በህንድ የትምህርት ብድር ወረቀት ላይ ተበዳሪው ተማሪው ነው፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ግን ቤተሰቡ ነው። ልጁ ነገ ምን ይሆናል ከማለታቸው በፊት አባቱ ዛሬ ምን አለው ይላሉ። ይህን የማንም ክፋት አድርጋችሁ አትዩት፤ ከሕጉና ከሒሳቡ የሚወጣ ነገር ነው። እንዴት እንደሚወጣ ነው ላሳያችሁ የምፈልገው።

የህንድ ባንኮች ማኅበር በ2001 ባንኮች ሁሉ የሚከተሉት ሞዴል የትምህርት ብድር ዕቅድ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተከልሷል፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። እስከ 4 ላክ ድረስ መያዣ አይጠየቅም፤ ወላጅ አብሮ ተበዳሪ ሆኖ ይፈርማል፣ በቃ። ከ4 እስከ 7.5 ላክ የውጭ ሰው ዋስ ሊጨመር ይችላል። ከ7.5 ላክ ሲያልፍ መያዣ ይመጣል፦ ቤት፣ የከተማ ቦታ፣ በባንክ የተቀመጠ የጊዜ ተቀማጭ። ከ4 ላክ በላይ ለሚበደር ቤተሰቡ ከኪሱ የሚያዋጣው ድርሻም አለ፤ አገር ውስጥ ለሚማር 5 በመቶ፣ ውጭ ለሚሄድ 15 በመቶ። ክፍያው ተማሪው እየተማረ አይጀምርም። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ እንደ ባንኩ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ከዚያ እስከ 15 ዓመት ሊከፈል ይችላል።

በወረቀት ሲታይ ደግ ዕቅድ ነው። እኛ አገር ስንት ወላጅ ነው ለልጁ ትምህርት ብሎ ባንክ ገብቶ ያለ መያዣ ብድር የሚያገኝ? ግን ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩአቸው። እስከ 4 ላክ ባለው እርከን ልጁ ከወላጁ ፊርማ ጋር በቂ ነው ተብሏል። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ስለሌላ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ስለ ዋሱ፣ ቀጥሎ ስለ ቤቱ። የጥሩ የግል ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ የ4 ዓመት ወጪ ደግሞ ዛሬ 4 ላክ ላይ አይቆምም፤ የግል የሕክምና ኮሌጅማ ወደ ክሮር የሚጠጋበት አለ።

ሃይደራባድ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለታናሽ ወንድሙ ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የባንኩን ስም እንተወው። ይዞት የመጣው ፋይል እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ወፍሯል። ከላይ የኮሌጁ መቀበያ ደብዳቤና የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፤ ቀጥሎ የልጁና የአባቱ መታወቂያ፣ የአባቱ የግብር ማስታወቂያ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ ከፋይሉ አራት እጅ ሦስቱ፣ ስለ ቤቱ ነው። ቤቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ጥንታዊ ውል፣ ቤቱ ላይ ዕዳም እገዳም እንደሌለ የሚገልጽ የምዝገባ ቢሮ ማስረጃ፣ የባንኩ ጠበቃ አስተያየት፣ የመሐንዲስ ግምት። ሠራተኛው ስለ ልጁ ውጤት አንድ ሁለት ነገር ጠየቀና "ጎበዝ ነህ" ብሎት ወደ ቤቱ ጉዳይ ገባ። ሻዩ ሁለቴ እስኪመጣ ድረስ ስለ ቤቱ ነው ያወሩት። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቤቱ የአያታቸው ነበር፤ አጎትየው ወራሽ ናቸው፤ አልፈረሙም። የልጁ የትምህርት ዕድል በአጎትየው እስክሪብቶ ላይ ተንጠለጠለ። የውርስ ነገር እኛም ዘንድ እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

የከተማው ሰው ይህን ያህል ከተቸገረ ገበሬው ምን ይሁን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያስገርማል። በ2002 የወጣ ሳርፋኤሲ የሚባል ሕግ አለ። ባንክ ብድሩ ሲበላሽበት ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን ወስዶ እንዲሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ነው። ይኸው ሕግ የእርሻ መሬትን ከዚህ ነጻ ያወጣዋል። ሐሳቡ ገበሬውን ከመሬቱ እንዳይነቀል መጠበቅ ነው፤ ማንም የሚደግፈው ሐሳብ ነው። ባንኩ ግን የማይሸጠውን መሬት መያዣ አድርጎ ለምን ይቀበላል? ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ስለዚህ ጥሩ የሩዝ ማሳ ያለው የቴላንጋና ወይም የአንድራ ገበሬ ልጁን ለማስተማር ሲመጣ ማሳው እንደሌለ ይቆጠራል። ሕጉ እየጠበቀው ከበሩ ላይ መለሰው።

ከዚያ ወርቅ ይወጣል። የደቡብ ህንድ ሴት የሠርግ ወርቅ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የቤቱ መጠባበቂያ ነው። ሙቱትና ማናፑራም የሚባሉት፣ ሁለቱም ከኬረላ የተነሱ ድርጅቶች፣ በወርቅ መያዣ በደቂቃዎች ውስጥ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ የደመወዝ ማስረጃ አያስጨንቃቸውም። ባንኩ ቤተሰቡ ያዋጣ የሚለው 15 በመቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። በባንኩ መዝገብ ላይ "የቤተሰብ መዋጮ" ተብሎ የሚጻፈው ነገር እናትየው አንገት ላይ የነበረ ሌላ ብድር ነው ማለት ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። ከ2009 ጀምሮ የወላጆቹ የዓመት ገቢ ከ4.5 ላክ የማይበልጥ ተማሪ አገር ውስጥ የሙያ ትምህርት ሲማር፣ በትምህርቱና በእፎይታው ጊዜ ያለውን ወለድ መንግሥት የሚከፍልበት ዕቅድ ነበር። በ2015 የዋስትና ፈንድ ተቋቋመ፤ እስከ 7.5 ላክ ያለ ብድር ቢበላሽ 75 በመቶውን ፈንዱ ይሸፍናል። በዚያው ዓመት ተማሪው ለብዙ ባንኮች በአንድ ቦታ የሚያመለክትበት ቪድያ ላክሽሚ የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የሚኒስትሮች ካቢኔ ፒኤም ቪድያላክሽሚ የሚባለውን አጸደቀ፦ በአገሪቱ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ወደ ላይ ያሉ 860 ተቋማት ውስጥ የገባ ተማሪ ያለ መያዣና ያለ ዋስ ይበደራል፤ የቤተሰቡ ገቢ እስከ 8 ላክ ከሆነ እስከ 10 ላክ ላለው ብድር 3 በመቶ ወለድ ይደጎምለታል።

ይህኛው በእኔ ግምት እስካሁን ከወጡት ሁሉ ወደ ልጁ በጣም የተጠጋው ነው። የት ገባህ ነው የሚለው፤ ምን አላችሁ አይልም። ግን 860 ተቋማት ህንድን የሚያህል አገር ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ኮሌጁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አገር ነው። ሰንጠረዡ ላይ ወደ ላይ ያለ ኮሌጅ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረና ማጠናከሪያ የተከፈለለት ልጅ ነው። ውጭ አገር የሚሄደውንም አይነካም።

አሁን ያልተከፈሉት ብድሮች ጋ እንምጣ። በ2020 መጨረሻ ላይ የመንግሥት ባንኮች ከሰጡት የትምህርት ብድር ከ9 በመቶ በላይ የሚሆነው ተበላሽቶ ነበር። የኮቪድ ዓመት ነው፣ ልክ ነው፤ ግን ከኮቪድ በፊትም ቁጥሩ ጤነኛ አልነበረም። የሚገርመው ብልሽቱ የበዛው ትልልቆቹ ብድሮች ላይ ሳይሆን ትንንሾቹ፣ ያለ መያዣ የተሰጡት ላይ ነው። የባንክ ሰው ይህን ሲያይ "አላልኩም?" ይላል፤ ቤት ያልያዘ አይከፍልም ይላል። እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። የኬረላን ነርሶች ውሰዱ።

ኬረላ በ2000ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ከ4 ላክ የማይበልጥ ብድር እየወሰዱ ነርሲንግ ተማሩ፤ ብዙዎቹ ጎረቤት ካርናታካ ባሉ የግል ኮሌጆች። ሐሳቡ ከምረቃ በኋላ ባሕረ ሰላጤው አገር ወይም አውሮፓ መሄድ ነው። ሳዑዲ ወይም ኩዌት ሆስፒታል የተኛ የኛ ሰው ያውቃቸዋል፤ መርፌ የወጉት እነሱ ናቸው። ግን ለመሄድ መጀመሪያ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምዱ የሚገኘው አገር ቤት የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሆስፒታሎች ደግሞ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ለጀማሪ ነርስ ብዙ ጊዜ በወር ከ10 ሺህ ሩፒ በታች ነበር የሚከፍሉት። 4 ላክ በ12 በመቶ ወለድ በ7 ዓመት ሲከፈል በወር ወደ 7,000 ሩፒ ይመጣል። የቀረውን አስሉት። ነርሶቹ በ2011 እና በ2012፣ ኋላም በ2017 ሥራ አቁመው እስከ አደባባይ ወጡ፤ የኬረላ መንግሥት በ2017 የተማሪዎችን ዕዳ በከፊል የሚያግዝ ዕቅድ አወጣ፤ ዝቅተኛ ደመወዛቸውም በኋላ 20 ሺህ ሩፒ ተባለ። እነዚህ ልጆች ያልከፈሉት ቤት ስላላስያዙ ነው? ደመወዙ አልበቃም።

በነገራችን ላይ ከዚያው ከኬረላ በ2023 አንድ ጥሩ ፍርድ ወጥቷል። ህንድ ውስጥ ሲቢል የሚባል የብድር ታሪክ ነጥብ አለ፤ ከ300 እስከ 900 ይደርሳል። አንድ ተማሪ ቀድሞ በነበረ ብድር ነጥቡ ዝቅ ስላለ የትምህርት ብድር ተከለከለ። የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የተማሪ የብድር ነጥብ አነሰ ተብሎ ብቻ የትምህርት ብድር ማመልከቻ አይጣልም፣ ባንክ ሰብአዊ አመለካከት ይኑረው አለ። ተማሪ ነገ አገር የሚገነባ ነው የሚል ቃልም አለበት። ፍርዱ መኖሩን የማያውቅ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ግን ዛሬም ብዙ ነው።

ወደ ውጭ ጉዞው ልለፍ፤ የምሽቱ ሥጋ ያለው እዚህ ነው።

በ2023/24 የትምህርት ዘመን አሜሪካ ውስጥ 331,602 የህንድ ተማሪዎች ነበሩ። ከ2009 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይናን አልፈው አንደኛ የሆኑት በዚያ ዓመት ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ የተነሱት ከቴሉጉ ተናጋሪዎቹ ክልሎች፣ ከቴላንጋናና ከአንድራ ነው። ሃይደራባድ አሚርፔት የሚባለው ሰፈር ብትሄዱ ሕንጻው ሁሉ በማስታወቂያ ተሸፍኗል፤ የኮምፒውተር ሥልጠና፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የአሜሪካ ቪዛ፣ ብድር። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ቺልኩር የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰዉ "ቪዛ ባላጂ" ይለዋል። ስለት ነው፤ ቪዛ ፈላጊው ቤተ መቅደሱን 11 ጊዜ ይዞራል፣ ሲሳካለት ተመልሶ 108 ጊዜ ይዞራል። ኩሉቢ የሚሄድ ሰው ይገባዋል።

ቪዛው ከብድሩ ጋር የተጋባ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለቪዛ የሚያስፈልገውን ሰነድ ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈን እንደምትችል አሳይ ይላል፤ የባንክ የብድር ማጽደቂያ ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ስለዚህ ቤተሰቡ ብድሩን የሚፈልገው ለመክፈል ብቻ አይደለም፣ ለመታየትም ነው። ቀኑ ይጣደፋል፤ የመንግሥት ባንክ ጠበቃና መሐንዲስ ልኮ ሳምንታት ሲወስድ፣ በዚህ መሐል ባንክ ያልሆኑ አበዳሪ ድርጅቶች ይገባሉ። ክሬዲላ፣ አቫንሴ፣ ኦክሲሎ የሚባሉት ከነዚህ ናቸው። ቶሎ ያጸድቃሉ፤ ያለ ቤት መያዣም ይሰጣሉ፤ ወለዳቸው ግን ከመንግሥት ባንክ ይበልጣል፣ ለማስፈጸሚያም ከብድሩ 1 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ።

እነዚህ ድርጅቶች የኔን ሐሳብ ይፈትኑታል፤ ይህን መደበቅ የለብኝም። የሚሄድበትን ዩኒቨርሲቲ፣ የሚማረውን ዘርፍ፣ የፈተና ውጤቱን፣ ተመርቆ የሚያገኘውን ደመወዝ ገምተው ነው የሚያበድሩት። ስለ ነገ ይጠይቃሉ። ግን አብሮ የሚፈርም ደመወዝተኛ ወላጅ ወይም ዘመድ አሁንም ይፈልጋሉ። ያንንም የማይሹ አሉ፦ ፕሮዲጂና ኤምፓወር በዶላር ያበድራሉ፣ ተባባሪ ፈራሚ አይጠይቁም። እነሱ ዘንድ ያለው ዋጋ ሌላ ነው፤ ዕዳው በዶላር ስለሆነ ልጁ አገሩ ተመልሶ በሩፒ ደመወዝ ከተቀጠረ ዕዳው በየዓመቱ ከፊቱ ይሸሻል።

አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ።

ልጅቷ ለ2 ዓመት ማስተርስ 30 ላክ ተበደረች፤ ወለዱ 11 በመቶ። ባንኩ ግማሹን በመጀመሪያው ዓመት፣ ግማሹን በሁለተኛው ላከ። የእፎይታው ጊዜ 6 ወር ነው። እየተማረች አትከፍልም፤ ወለዱ ግን ይቆጥራል፣ ያውም ተራ ወለድ ነው፣ ወለድ በወለድ ላይ ገና አልመጣም። የመጀመሪያው 15 ላክ ለ2 ዓመት ተኩል፣ ሁለተኛው ለ1 ዓመት ተኩል ሲቆጥር 6.6 ላክ ይሆናል። እፎይታው ሲያልቅ ይህ ዋናው ላይ ይደመርና ዕዳዋ 36.6 ላክ ሆኖ ይጀምራል። በ10 ዓመት ልክፈል ካለች በየወሩ ወደ 50,400 ሩፒ ነው፤ ጠቅላላው 60 ላክ ያልፋል። የተበደረችው 30 ነበር። እየተማረች ወለዱን ብቻ በየወሩ ቤተሰቧ ቢከፍልላት ኖሮ ወርሃዊው ክፍያ ወደ 41,300 ይወርድ ነበር። አንዳንድ ባንኮች እንዲህ ላደረገ ወለዱን እስከ 1 በመቶ ይቀንሱለታል። ብድር ከሚወስድ ቤተሰብ ጋር ብነጋገር አጥብቄ የምነግረው ይህን ነው።

ልጅቷ አሜሪካ ሥራ ካገኘች 50 ሺህ ሩፒ ከ600 ዶላር በታች ነው፤ ትከፍለዋለች፣ በ3 እና በ4 ዓመት የሚጨርሱ አሉ። ካላገኘችና ከተመለሰችስ? የህንድ ትልልቅ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ለጀማሪ መሐንዲስ የሚከፍሉት ከአሥር ዓመት በላይ በዓመት 3.5 ላክ አካባቢ ላይ ቆሟል፤ በወር 30 ሺህ አይሞላም። ክፍያው 50 ሺህ፣ ደመወዙ 30 ሺህ። ልዩነቱን ማን ይሞላል? ፋይሉ ውስጥ የፈረመው አባት።

ሥራ ማግኘቷ ደግሞ በእሷ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከምረቃ በኋላ አሜሪካ 1 ዓመት እንድትሠራ ይፈቀድላታል፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተማሪ ከሆነች 2 ዓመት ይጨመራል። ከዚያ ኤች 1 ቢ የሚባለው ቪዛ ያስፈልጋታል፤ እሱ በዓመት 85 ሺህ ብቻ ነው፣ አመልካቹ ከዚያ እጅግ ስለሚበዛ በዕጣ ይወጣል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በአዲስ ማመልከቻ ላይ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ታወጀ። የ10 ዓመት ዕዳ በዕጣ ላይ ቆሟል ብል ማጋነን አይደለም።

ሩፒውም አለ። በ2014 አንድ ዶላር 60 ሩፒ አካባቢ ነበር፤ በ2022 80ን አለፈ፣ ከዚያም መውረዱን አላቆመም። የሩፒው መውደቅ ለአንድ ተማሪ በሁለት ጊዜ ሁለት ነገር ነው። ስትማር ይጎዳታል፦ የሁለተኛው ዓመት ክፍያ 20 ሺህ ዶላር ከሆነና ብድሩ ሲጸድቅ ዶላሩ 80 ከነበረ 16 ላክ ተመድቧል፤ ክፍያው ሲደርስ 88 ከሆነ 17.6 ላክ ያስፈልጋል። 1.6 ላኩን ባንኩ አይጨምርም፤ ወርቁ ቀድሞ ከተያዘ ደግሞ ዘመድ ይለመናል። ተመርቃ በዶላር ስትቀጠር ግን ያው ውድቀት ይጠቅማታል፤ ዕዳዋ በሩፒ ስለሆነ እየቀለለ ይሄዳል። ብር ሲወርድ ዲያስፖራውና አገር ቤት ያለው ዘመዱ ስለዚያው ዜና በምን የተለያየ ድምፅ እንደሚያወሩ የሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። ወለዱም ተንሳፋፊ ነው፤ ከማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ጋር ይወጣል ይወርዳል። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ መነሻ ወለድ በ2022 መጀመሪያ 4 በመቶ ነበር፣ በፌብሩዋሪ 2023 6.5 ደረሰ። ከላይ ያለችው ልጅ ወለድ በዚያው ልክ ወደ 13.5 ቢያድግ በወር ወደ 5,300 ሩፒ ይጨመርባታል፤ ወይም ባንኩ የክፍያውን ዘመን ያረዝመዋል።

የሕክምና ተማሪዎችን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በመንግሥት የሕክምና ኮሌጅ ቦታ ያላገኘና የግሉን ያልቻለ ህንዳዊ ዩክሬን፣ ጆርጂያ፣ ኪርጊስታን፣ ፊሊፒንስ ይሄዳል። በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር ህንድ ኦፕሬሽን ጋንጋ ብላ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎቿን ከዩክሬን አወጣች። ልጆቹ ወጡ፤ ትምህርቱ እዚያ ቀረ፤ ብድሩ አብሯቸው መጣ። ለፓርላማ በቀረበው መረጃ ዩክሬን ለሚማሩ የተሰጡ 1,319 ብድሮች፣ በድምሩ ወደ 121 ክሮር ሩፒ፣ ገና አልተከፈሉም ነበር። ጨርሰው የሚመለሱትም አገራቸው ለመሥራት የሚፈተኑት ፈተና አለ፤ አብዛኞቹ የሚወድቁበት ፈተና ነው። ልጁ ዲግሪ ይዞ፣ ዕዳ ይዞ፣ ፈቃድ ሳይኖረው ቤት ይቀመጣል።

እኛ ዘንድ ያለውን ከዚህ ጋር ባነጻጽር ትፈቅዱልኛላችሁ? ኮስት ሼሪንግ ሲባል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን ታጨማድዳላችሁ፤ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የተመላለሰ ያውቀዋል። በ2003 የወጣው ደንብ ግን አንድ ነገር በትክክል አስቦበታል። የተመራቂው ዕዳ ከደመወዙ ላይ በመቶኛ፣ ከ10 በመቶ ባላነሰ፣ በግብር መልክ እንዲከፈል አደረገው። ደመወዝ ከሌለ ክፍያ የለም፤ ደመወዙ ትንሽ ከሆነ ክፍያውም ትንሽ ነው። የአባትህን ካርታ አምጣ የሚል የለም። በአፈጻጸሙ ላይ ያላችሁን ቅሬታ እኔም እጋራለሁ፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው፣ የውጭ ትምህርት አይሸፍንም። ያም ሆኖ የኬረላዋ ነርስ እንዲህ ያለ ዕዳ ቢኖርባት ኖሮ በ8,000 ደመወዟ 800 ትከፍል ነበር፣ መዝገቧም አይበላሽም ነበር። ባንኮቻችን የትምህርት ብድር ሲያስቡ የህንድን ቅጽ ከመቅዳታቸው በፊት ይህን እንዲያዩት ነው የምፈልገው።

ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ ሁለቱን ልመልስ።

አንድ እናት ወንድማቸው ህንድ እንደሚማር ነገሩንና እዚያ መበደር ይችል እንደሆነ ጠየቁ። አይችልም፤ ሞዴል ዕቅዱ ተበዳሪው የህንድ ዜጋ ይሁን ይላል። ህንድ ያሉት የኛ ልጆች ወይ በህንድ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ናቸው፣ ወይ መሥሪያ ቤት ልኳቸዋል፣ ወይ ከቤት ይላክላቸዋል።

ሌላው ጠያቂ፣ የባንክ ሰው ይመስሉኛል፣ "ቤቱ በእውነት ይሸጣል ወይ?" አሉ። ሊሸጥ ይችላል፤ ግን ባንኩም አይቸኩልም። ክፍያ ሳይገባ 90 ቀን ካለፈ ብድሩ የተበላሸ ይባላል። ከዚያ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ይላካል። ካልተከፈለ ባንኩ ቤቱን እንደተረከበ በሁለት ጋዜጣ ያወጣል፣ አንዱ በአካባቢው ቋንቋ፤ ከዚያ ጨረታ ነው። በየደረጃው መደራደር አለ፤ ባንኮች ብዙ ጊዜ ከወለዱ ቀንሰው ባንድ ጊዜ ክፍያ መዝጋትን ይመርጣሉ። ከሁሉ በፊት ግን ተመራቂው የማያውቀው ነገር አለ። ሞዴል ዕቅዱ ሥራ ላጣ ወይም ደመወዙ ላነሰ ተበዳሪ በብድሩ ዘመን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጨማሪ እፎይታ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ጠይቆ ነው የሚገኘው፤ ያውም 90 ቀኑ ሳይሞላ። ማጽደቂያ ደብዳቤው ላይ ጎላ ብሎ ስለማይጻፍ ልጁ ሲያፍር፣ ስልክ ሳያነሳ፣ ቀኑ ያልፍበታል። የባንክ ሰው ከሆኑ እርስዎ ደብዳቤው ላይ ከላይ ይጻፉት።